127 ላይ 1 ስደምር ለምን -128 ሆነ?

አቦ፣ ኮምፒውተርህ አልተበላሸም። የሱቁ የሳሙና ካርቶን 127 ደርሶ አንድ ስትጨምር -128 ያለህ፣ ቁጥሩን ባለ 8 ቢት ሳይንድ (በስምንት ቢት፣ ማለትም በስምንት 0 ወይም 1 የሚጻፍ፣ አሉታዊም መሆን የሚችል ቁጥር) አድርገህ ስላስቀመጥከው ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚመላለስ ባጃጅ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አስብ፤ የድሮውን፣ ቁጥሩ የሚሽከረከረውን። 00000 ላይ እያለ አንድ ወደ ኋላ ብታዞረው 99999 ያሳያል። ይህን "ከዜሮ አንድ የጎደለ" ብለን ከተስማማን -1 አገኘን ማለት ነው። ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው፤ ከ00000000 አንድ ሲቀነስ 11111111 ይሆናል።

ቢቶቹ ራሳቸው ምልክት የሚባል ነገር አያውቁም። 11111111ን አንሳይንድ (አሉታዊ የሌለው) ካልከው 255 ነው፣ ሳይንድ ካልከው -1። የሚለየው የግራ ጫፉ ቢት ዋጋ ብቻ ነው፤ በአንዱ 128፣ በሌላው -128። 01111111 ላይ አንድ ስትደምር 10000000 ይመጣል፤ በሳይንድ -128 ማለት ነው፣ ያስደነገጠህ እሱ ነው።

አሉታዊ ለማድረግ ቢቶቹን ገልብጥና 1 ደምር፤ ቱስ ኮምፕሊመንት የሚሉት ይህን ነው። 5 ማለት 00000101፣ ሲገለበጥ 11111010፣ 1 ሲደመር 11111011፤ -5 ማለት ነው። እስቲ ከ5 ጋር በወረቀት ደምረው፤ ዘጠነኛው ቢት ቦታ አጥቶ ይወድቅና ዜሮ ይቀርሃል። ለመቀነስ ሌላ ሰርኪት አያስፈልግም፤ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው።

"ካርቶን ከዜሮ አይወርድም" ብለህ ወደ አንሳይንድ እንዳትሮጥ። ባዶ መደርደሪያ ላይ አንድ ሸጥኩ ብለህ ብትመዘግብ 255 ካርቶን አለህ ይልሃል። ባለ 32 ቢት ሳይንድ አድርገው፤ እስከ 2,147,483,647 ይቆጥርልሃል። ለዚያ መጋዘን ድሬ ራሷ አትበቃም።