ጆሮ የገባ ነገር

ልጆቼ፣ ነገ ችሎት ላይ ለምትቀመጡት ነው የምጽፈው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ጠንክሯል፤ ጋቢዬን ደርቤ የድሮ መዝገቦቼን አስባለሁ። አንዱ ከልቤ አልወጣም።

ወጣት ዳኛ ሳለሁ፣ መንዝ ውስጥ፣ የበግ ስርቆት ክስ ቀረበልኝ። ምስክሩ ያየውን ሲናገር ቆየና «ይሄ ሰውዬ እኮ ድሮም በሌብነት ታስሯል» አለ። ወዲያው አስቆምኩት። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 138 የተከሳሽ የቀድሞ ጥፋት ከጥፋተኝነት ውሳኔ በፊት ለፍርድ ቤት እንዳይገለጽ ይከለክላል። ጸሐፊውን «ይህ አይመዝገብ» አልኩት። አልተመዘገበም። እኔ ውስጥ ግን ቀረ። ተከሳሹ ሲንተባተብ ቀድሞ ድንጋጤ ይመስለኝ የነበረው፣ ከዚያ በኋላ ውሸት መሰለኝ። ጥፋተኛ ነው አልኩ። ያ ቃል ባይነገር ኖሮ እንዲያ እል ነበር? ዛሬም ያመኛል።

አሜሪካ ውስጥ በብዙ ክሶች ጥፋተኛነቱን የሚወስኑት ከሕዝብ የሚመረጡ ጁሪዎች ናቸው። ዳኛው «ይህን የሰማችሁትን ተዉት» ይላቸዋል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በ1949 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው ትእዛዝ ጉዳቱን ያስወግዳል ማለት ፈጠራ መሆኑን ጠበቃ ሁሉ ያውቀዋል ሲሉ ጽፈዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሳውል ካሲን እና ሳሙኤል ሶመርስ በስልክ ጠለፋ የተቀዳ የእምነት ቃል ይዘው፣ እንደ ጁሪ ሆነው በሚፈርዱ ሰዎች ላይ ሞከሩት። ቅጂው በደንብ ስለማይሰማ ተዉት የተባሉት ተዉት። በሕገወጥ መንገድ ስለተቀዳ ተዉት የተባሉት ግን ከፍርዳቸው አላወጡትም። ሰው እውነት የመሰለውን ነገር ለሥርዓት ሲል አይጥልም ማለት ነው።

እኛ ጋ ጁሪ የለም። ማስረጃውን ውድቅ የሚያደርገውም፣ የሚፈርደውም ያው ዳኛ ነው። ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሕግ ትምህርት ጆሮ አይዘጋም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ይህን ስትሠሩበት «ሕጉ ስለከለከለ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የተደበደበ ሰው ያላደረገውንም አደረግሁ እንደሚል ለራሳችሁ ንገሩት። ምክንያቱ ሲገባችሁ መተው ይቀላል።

ከዚያ ነጭ ወረቀት አውጡ። ተቀባይነት ያገኘውን ማስረጃ ብቻ ጻፉበት፣ ሌላ ምንም። ፍርዱ በዚያ ብቻ ይቆም እንደሆነ እዩ። እኔ ከመንዙ መዝገብ በኋላ እንዲህ አድርጌያለሁ። አንዳንዴ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ትቀራለች። እጄ እየከበደኝም «በነጻ ይሰናበት» ብዬ ጽፌያለሁ። ለዚያ ሰውዬ ግን ያን ወረቀት አላወጣሁለትም።