«ቤቶች ተጀመረ» ወይስ «ቤቶች ተጀመሩ»? ዘፈንና ድራማ ርዕስ ሲጋሩ

ጥያቄ፦ «ፍቅር እስከ መቃብርን ወደድኩት» ብዬ ስጽፍ ጓደኞቼ «የቱን? ዘፈኑን ነው ድራማውን?» አሉኝ። ዘፈንና ተከታታይ ድራማ አንድ ርዕስ ሲኖራቸው እንዴት ነው የሚጻፈው? ደግሞስ «ቤቶች» የሚለው ኮሜዲ ድራማ ሲጀምር የሚባለው «ቤቶች ተጀመረ» ነው ወይስ «ቤቶች ተጀመሩ»?

መልስ፦ ጓደኞችዎ እውነት አላቸው። እንዲያውም «የቱን?» ሲሉ ምርጫው ከሁለት ይበልጣል። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. በወጣው አልበሙ ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ ዘፈነው፤ የመጽሐፉንም ርዕስ በቅንፍ አስከተለ። በቅርቡ ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መጣ።

ብዙ ጊዜ ግሱ ይለይልናል። «አነበብኩት» ካሉ መጽሐፉ ነው። «ሰማሁት» ሲባል ግን ትረካውም ዘፈኑም ሊሆን ይችላል። «አየሁት»ም ቢሆን አያስተማምንም፤ ዛሬ ዘፈንም በክሊፕ ይታያል። «ወደድኩት» ላይ ሲደርስ ጨርሶ ምንም አይለይም።

በጽሑፍ ነገሩ ይብሳል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። ስለዚህ ርዕስ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ከተራው ቃል ጋር ይመሳሰላል። «ትናንት ቤቶችን አየሁ» የሚል ሰው ኮሜዲውን ተመልክቶ ነው ወይስ የሚከራይ ቤት ሲፈልግ ውሎ? «እረኛዬ ናፈቀኝ» ሲባል ድራማው ነው ሰው? «ዘመን አለቀ» የሚለውማ ድራማውን ላላየ ሰው ያስደነግጣል። ትእምርተ ጥቅስ እዚህ ጋ ጌጥ አይደለም። «ዘመን» አለቀ ብለው ሲጽፉ ያለቀው ድራማው መሆኑ ወዲያው ይታያል።

ጥቅሱ ርዕስ መሆኑን ይነግረናል እንጂ የምን ርዕስ እንደሆነ አይነግረንም። ለዚያ የዓይነቱን ስም ያስጠጉ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚለውን ድራማ ወደድኩት። ወይም አጠር አድርገው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ድራማን ወደድኩት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ለጆሮ ይቀላል። «የተሰኘው» ማለትም ስሕተት የለበትም፤ ግን ከጓደኛ ጋር ተራ ወሬ ከሆነ «የሚለው» ይበቃል። አንዴ ከጠቀሱ በኋላ ርዕሱን ደጋግመው አያምጡት። «ዘፈኑ ከድራማው ቀድሞ ወጣ» ቢሉ አንባቢ አይጠፋበትም።

የዓይነቱን ስም ሲመርጡ ግን ይጠንቀቁ። ዜማና ዘፈን አንድ አይደሉም። ዘፈን ግጥምም ዜማም አለው። «የፍቅር እስከ መቃብር ዜማ» ካሉ የድራማው ማጀቢያም ሊመስል ይችላል። ተከታታይ ድራማንም በደፈናው «ፊልም» ማለት ተለምዷል። በአፍ ይሁን፤ በጽሑፍ ግን እዚያው በዚያው ሌላ ግራ መጋባት ይጨምራል።

ወደ «ቤቶች» ልመለስ። ትክክሉ «ቤቶች» ተጀመረ ነው። ቃሉ ብዙ ቁጥር ቢሆንም የተጀመረው አንድ ድራማ ነው። ግሱ የሚስማማው ከተደበቀው «ድራማ» ጋር ነው፤ «ሞጋቾች» ተጀመረም እንደዚያው። «ተጀመሩ» ካሉ ቤቶች መገንባት የጀመሩ ይመስላል።

ይህ ስምምነት በጾታም ይሠራል፤ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝም እሱ ነው። ቅድም የጠቀስኩት የቴዲ አልበም ስሙ «ኢትዮጵያ» ነው። «ኢትዮጵያን ወደድኳት» ያለ ሰው አገሪቱን ነው። «ኢትዮጵያን ወደድኩት» ያለ ግን አልበሙን ነው። ማንም ሳያስተምረን አንዲት ፊደል ለውጠን አገርንና አልበምን እንለያለን። የርዕስ ነገር ሲነሳ አማርኛ ደካማ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ ደስ ይለኛል።

«ን»ን በተመለከተ ከጥቅሱ ውጭ ያድርጓት፤ «ቤቶች»ን አየሁ። ርዕሱ እንደ ተሰየመ ይቆያል። ርዕሱ ራሱ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ግን «ምን ልታዘዝ»ን አየሁ ማለት ለአፍ ይከብዳል። እንዲህ ላለው «ምን ልታዘዝ» የሚለውን ድራማ አየሁ ይበሉ።

በንግግር ጥቅስ ስለሌለ ዓይነቱን ያስቀድሙ፤ «ድራማውን ነው የወደድኩት፣ ፍቅር እስከ መቃብርን።» ጓደኞችዎ «የቱን?» አይሉዎትም።