ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሚክቬ የምገባበት ቀን ለመፀነስ እየዘገየብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 32 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ነታንያ፣ እስራኤል ነው። ከተጋባን 14 ወር ሆነን፤ እስካሁን ግን አልፀነስኩም። የወር አበባዬ በየ25 ቀኑ ይመጣል። ደሙ በአራተኛው ቀን ይቀንሳል፤ ግን እስከ ሰባተኛው ቀን ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ደም የማይታይባቸውን ሰባት ንጹሕ ቀናት ቆጥሬ ሚክቬ፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የመንጻት መታጠቢያ፣ እገባለሁ፤ እስከዚያ ከባለቤቴ ጋር አንገናኝም። በልጅነቴ ከቋራ ይዛኝ የመጣችው እናቴ «እኛ ሰባት ቀን መርገም ጎጆ፣ የወር አበባ ያየች ሴት ለብቻዋ በምትቆይበት ጎጆ፣ ተቀምጠን፣ ወንዝ ወርደን ታጥበን ቤታችን እንገባ ነበር። ልጅ የከለከለሽ ይኼ የእናንተ ቆጠራ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ይሆን? ሕጉን መተው አልፈልግም። ደግሞ የሚክቬው ሌሊት ሲደርስ ሁለታችንንም ጭንቅ ይይዘናል።

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትዎን ነገር በቀላሉ አይለፉት። የቤተ እስራኤል እናቶች የሚቆጥሩት ኦሪት እንዳዘዘው ደሙ ከታየበት ቀን ጀምሮ ሰባት ቀን ነበር። ረቢዎች (የአይሁድ የሃይማኖት መምህራን) የሚያስተምሩት ሥርዓት ግን በታልሙድ፣ ማለትም በጥንቱ የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ፣ ዘመን የጸና ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ቢያንስ አምስት ቀን ይጠበቃል፤ ደሙ መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ሰባት ንጹሕ ቀን ይጨመራል። ስለዚህ ሚክቬ የሚገባው ቢፈጥን 12ኛው ቀን ሲመሽ ነው። እርስዎ ዘንድ ደግሞ ደሙ ሰባት ቀን ስለሚቆይ 14ኛው ቀን ሲመሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ሰውነትዎ እንምጣ። እንቁላል የሚወጣው በአብዛኛው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። በ25 ቀን ዑደት ይህ 11ኛው ቀን አካባቢ ይውላል። የወጣ እንቁላል ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ለመፀነስ የሚመቹት ቀናት ከ6ኛው እስከ 11ኛው ናቸው። እርስዎ ሚክቬ ሲገቡ እነዚህ ቀናት አልፈዋል። መካን ነኝ ብለው ራስዎን አያሰቃዩ! የቀኑ አለመገጣጠም ብቻውን 14 ወር ሙሉ ሊያስጠብቅዎ ይችላል።

ግን በግምት አንሂድ። ከፋርማሲ የእንቁላል መውጫ መመርመሪያ ይግዙና ከ7ኛው ቀን ጀምረው በየቀኑ ሽንትዎን ይፈትሹ። እንቁላል ከወጣ ሳምንት ያህል ቆይቶ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የደም ምርመራ ያረጋግጥልዎታል። ዓመት ስላለፈ ታይሮይድ፣ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን፣ የእንቁላል ክምችትና አልትራሳውንድም መታየት አለባቸው። የባለቤትዎ ዘርም ይመርመር። ይሄ ነገር በየቤቱ ይዘለላል፤ ሴቷ ብቻ ሆስፒታል ትመላለሳለች። ናሙናው እንዴት እንደሚሰጥ ሃይማኖታዊ ጥያቄ ካለው ረቢውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ መንገድ አለው።

እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ያንን ጠብ ጠብ የሚለውን ደም ነው። ፖሊፕ (ማህጸን ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እብጠት)፣ የታይሮይድ ችግር ወይም የማህጸን በር መቁሰል ሊያመጣው ይችላል። ደሙ መቆሙን በነጭ ጨርቅ ሲፈትሹ በደረቁ አጥብቆ መጥረግም ስስ የሆነውን ቆዳ ይልጠዋል፤ ቀስ ብለው ይሥሩ። ደሙ ከቁስል መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠና ከጻፈልዎ ረቢው ሕጉን በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል። ቡናማ ወይም ፈዛዛ ቀለም ሁሉ የሚያረክስ አይደለም፤ ስለዚህ ራስዎ ከመፍረድዎ በፊት ጨርቁን ያሳዩ። ለወንድ ማሳየት የሚያሳፍርዎ ከሆነ ኢየሩሳሌም ያለው ኒሽማት የተባለ የሴቶች የሃይማኖት ትምህርት ቤት ለዚሁ ያሠለጠናቸው ሴት የሃይማኖት ሕግ አማካሪዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ በ1999 ተመርቀዋል። በሕክምናና በሃይማኖት ሕግ መካከል የሚያስታርቀው ፑዓ የተባለው ተቋምም እዚያው ኢየሩሳሌም ነው።

ደሙ በአምስተኛው ቀን ቢቆም ሚክቬው 12ኛው ቀን ሲመሽ ይሆናል። ያ ለእርስዎ አሁንም ለጥቂት ያመልጣል። ስለዚህ ሐኪምዎ በዑደቱ መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት የሚወሰድ ኢስትሮጅን የተባለ የሴት ሆርሞን ክኒን ሊያዝልዎ ይችላል፤ እንቁላሉን ትንሽ ያዘገየዋል። የደም መርጋት ከነበረብዎ፣ ብርሃን የሚያብለጨልጭበት ማይግሬን (ኃይለኛ የራስ ምታት) ካለብዎ ወይም የሚያጨሱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ ፈጽሞ አይሞከርም። ይህ ካልሠራ፣ የባልን ዘር በሐኪም እጅ ማህጸን ውስጥ ማስገባትን ከሚክቬ በፊትም ቢሆን የሚፈቅዱ ረቢዎች አሉ።

ስለ ሌሊቱ ጭንቀት ልንገርዎ። ሁለት ሳምንት ዕቃ እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ሳይቀባበሉ ቆይቶ በአንድ ሌሊት «የግድ ይሁን» ማለት ለማንም ይከብዳል። ባልም በዚያች ሌሊት አቅም ቢያጣው በሽታ ነው ማለት አይደለም። የእንቁላሉ ቀን ከተስተካከለ በኋላ በየሁለት ቀኑ መገናኘት ይበቃል፤ ሁሉ ነገር በአንዲት ሌሊት ላይ መንጠልጠሉ ይቀራል። ቀድማችሁ እራት ብሉ፣ ተጫወቱ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሰውነታችሁ እስኪላመድ አትቸኩሉ። ድርቀት ካለ ዘርን የማይጎዳ ማለስለሻ ፋርማሲውን ይጠይቁ፤ ተራው ማለስለሻ የዘሩን እንቅስቃሴ ሊያደክም ይችላል። ሕመም ካለ ግን ችለው አይለፉት፤ የሚታከም ነገር ነው።

የሁለት ወር መዝገብ ይዘው ኩፓት ሆሊም (የጤና መድኅን ክሊኒክዎ) ይሂዱ፦ ደም የጀመረበት፣ የቆመበት፣ ሚክቬ የገቡበትና መመርመሪያው ምልክት ያሳየበት ቀን። ሐኪሙ የሚክቬውን ሥርዓት ላያውቅ ይችላልና «ከዚህ ቀን በፊት አንገናኝም» ብለው በግልጽ ይንገሩት። ባለቤትዎም አብረው ቢገቡ ጥሩ ነው።