ያለ ግርግርና በቅናሽ ጣና ዳር መብላት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎችና ሎጆች ገብቶ ኪስ ሳይጎዳ ለመብላት የትኛው ሰዓት ይሻላል?

መልስ፦ ሁለት ክፍተቶች አሉ። አንዱ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ኩሽናው ይጨናነቃል። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት የሚመጣው ሰው የውሃ ዳሩን ወንበር ይሞላዋል፤ ሲመሽ ትንኙም ይነሳል።

በሰዓት ዋጋ የሚቀንስ ቤት ጥቂት ስለሆነ ቅናሹን ከሜኑው ላይ አትጠብቁ። ገንዘቡ የሚተርፈው ሦስቱን ማዕድ ሁለት በማድረግ ነው። 4 ሰዓት ላይ ፍርፍር ወይም ፉል ከዳቦ ጋር የበላ ሰው 9 ሰዓት ላይ አንድ ደህና ምግብ ቢያዝ፣ ማታ ሻይ በዳቦ ይበቃዋል። የቁርስ ምግብ ከምሳው ይረክሳል፣ ሆድም ይይዛል። ግን ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ 4 ሰዓት ሲሞላ ወደ ምሳ ሜኑ የሚያልፉ ቤቶች አሉ፣ ለአምስት ደቂቃ ተብሎ የምሳ ዋጋ መክፈል ያናድዳል።

ጥያቄ፦ ዓሣስ? 9 ሰዓት ላይ የሚበላ ዓሣ ያደረ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ።

መልስ፦ ያደረ ላይሆን ይችላል፤ እኔ የምፈራው ዘይቱን ነው። አስጋሪዎች መረቡን ማታ ጥለው ጎህ ሲቀድ ያወጡታል። ዓሣው ጠዋት ይደርሳል፣ ይጸዳል፣ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ መጥበሻው ይጣዳል። ስለዚህ 5 ሰዓት ላይ የምታገኙት ትኩስ ዓሣ በአዲስ ዘይት ነው። 9 ሰዓት ላይ ግን ያ ዘይት የምሳውን ሁሉ ጠብሶ ጠቁሮ ሊሆን ይችላል።

በደንብ የተጠበሰ ዓሣ የሚያስታውቀው እንዲህ ነው። ሙሉ ዓሣ ሲጠበስ ጎንና ጎኑ እስከ አጥንቱ ሦስት አራት ቦታ በቢላ ይሸነተራል፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዲገባ። ዘይቱ በደንብ የጋለ ከሆነ ሽንትሩ አፉን ከፍቶ ጠርዙ ይደርቃል፣ ጅራቱ ሲነካ እንደ ቆሎ ይሰበራል፣ ሥጋው ከአከርካሪው በጣት ይላቀቃል። ዘይቱ ሳይግል የገባ ዓሣ ግን ዘይት ይመጥጣል፣ ጅራቱ ይልፈሰፈሳል፣ ሥጋውም አጥንቱ አጠገብ ሮዝ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ከመጣላችሁ ሳታፍሩ መልሱት፣ እንደገና ይጠበስ። ከቀትር በኋላ ከሆነ ዘይቱ መቀየሩን ጠይቁ፤ ካልተቀየረ ለብለብ ወይም ጉላሽ እዘዙ፣ እነሱ በትንሽ ዘይት ለብቻቸው ይሠራሉ።

ሦስቱንም ዓሣ ለዩ። ቀረሶ አጥንቱ ጥቂት ነው፣ ሥጋው ነጭ ነው፣ ለጥብስ የሚመረጠው እሱ ነው። አምባዛ ሥጋው የሰባና ለስላሳ ስለሆነ ጉላሽና ሾርባ ይወጣዋል። ነጭ ዓሣ ጣዕም አለው፣ ግን በሥጋው ውስጥ የሹካ ቅርጽ ያላቸው ቀጫጭን እሾሆች ስላሉት ለልጅ አይሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአንድ ሙሉ ቀረሶ የሚወጣው ፊሌት የክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። ለዚህ ነው በፊሌት የሚሠራው ሁሉ የሚወደደው። አጥንት ለመልቀም የማይሰለች ሰው ሙሉውን ይዘዝ፤ በዚያው ገንዘብ ብዙ ሥጋ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ሜኑው ላይ 400 ብር የሚል ምግብ አዝዘን 506 ብር አስከፈሉን። ተጭበርብረን ይሆን?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 440 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 66 ብር ነው፣ ድምሩ 506። የአገልግሎት ክፍያ በሚያስከፍል ቤት ሜኑው ላይ ባለው ዋጋ ላይ 26.5 በመቶ ይጨመራል ማለት ነው። ዋጋው ሁለቱንም ያጠቃለለ መሆን አለመሆኑ ብዙ ጊዜ በሜኑው ግርጌ በትንሹ ይጻፋል። ካልተጻፈ ከማዘዛችሁ በፊት «ዋጋው ቫትና ሰርቪስን ጨምሮ ነው?» በሉ። ሰርቪስ የተጨመረበት ሒሳብ ላይ ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ በእጃችሁ ለአስተናጋጁ ብትሰጡ ግን ደግ ነው።

ሒሳብ የሚያበዛው ደግሞ መጠጡ ነው። ውሃው ዳር ተቀምጦ አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ ምግቡን ከሐይቁ ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ከተማው ገባ ብሎ መብላት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ነውርም የለበትም።

ጥያቄ፦ በሁዳዴስ ሰዓቱ ይለወጣል?

መልስ፦ በደንብ ነው የሚለወጥ። የሚጾመው ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳይበላ ስለሚቆይ፣ በሌላ ጊዜ ጭር የሚለው 9 ሰዓት በጾም ዋናው የግርግር ሰዓት ይሆናል። በሁዳዴ ክፍተቱ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ነው። 10 ሰዓት ላይ የደረሰ ደግሞ በየዓይነቱ ሲያዝ ከስድስቱ ወጥ ሁለቱ «አልቋል» ይባላል፤ የጎደለው በሽሮ ወይም በተጨማሪ አልጫ ይሞላ እንደሆነ ጠይቁ። ቅዳሜና እሑድ እስከ 9 ሳይበላ የሚቆይ ስለሌለ ሰዓቱ እንደ ወትሮው ነው።

ዓሣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከፍስክ ነው፤ በከተማው ግን በጾም የሚበላው ብዙ ስለሆነ በዚያ ወቅት ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። በርካሽ መብላት የፈለገ በሁዳዴ ተጋቢኖ ይዘዝ። ድስቱ እየተንተከተከ ሲመጣ ሁለት ሰው በአንድ ይበላል፤ ተጨማሪ እንጀራ ይከፈልበት እንደሆነ ብቻ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቡፌ መጨረሻው ላይ መግባት ያዋጣል?

መልስ፦ ዋጋው ካልቀነሰ አያዋጣም። 8 ሰዓት ላይ ጥብሱ ደርቋል፣ እንጀራው ጠርዙ ተጠቅልሏል፣ የተነሳው ምግብም አይተካም። መግባት ከሆነ በተከፈተ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግቡ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከቤተሰብ ጋር ስንሄድ በ9 ሰዓትም ቦታ አጣን።

መልስ፦ ሠርግ ይሆናል። በጥር፣ ከፋሲካ በኋላም፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ለፎቶ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፣ ኩሽናውም በድግስ ይያዛል። ጠዋት ደውላችሁ «ዛሬ ፕሮግራም አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ካለ ሌላ ቤት ሂዱ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሁሌም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጥብስ በኪሎ ስናዝ ሲቀርብ ያንሳል።

መልስ፦ ሥጋ ሲጠበስ ውሃውና ስቡ ስለሚወጣ ከሩብ እስከ ሲሶ ይቀንሳል። ጥሬውን ፊታችሁ አስመዝኑ፣ አጥንቱ አብሮ ይመዘን እንደሆነም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ረቡዕና ዓርብ አትልፉ፣ ብዙው ሥጋ ቤት ዝግ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጠዋት በጀልባ ወደ ዘጌ ሄደን 7 ሰዓት ላይ ስንመለስ በረሃብ ያገኘነው ቤት ገብተን ብዙ ከፈልን። ምን ይሻል ነበር?

መልስ፦ እታለም፣ ጠዋት የሄደው ጀልባ አብዛኛው የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ወደቡ አጠገብ ያለው ቤት ያን ጊዜ ሙሉ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ዳቦ፣ ሁለት ሙዝና አንድ እፍኝ ቆሎ ከከተማ ያዙ። ገዳሙን አይታችሁ ስትወርዱ እዚያው የዘጌን ቡና ጠጡበት። በዚያ ላይ ተደግፋችሁ እስከ 8 ተኩል መቆየት ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ግቡና ቀረሶውን ተረጋግታችሁ እዘዙ።