ደረቁ ማፍሰሻ ይመርመር፦ ስለ መርከብ ሞተር አፍተርኩለር የቀረቡ ሁለት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በመርከብ መሐንዲስነት ሠልጥኜ፣ አሁን በባሕረ ሰላጤው ለነዳጅ ማውጫ መድረኮች ዕቃ በሚያመላልስ መርከብ ላይ በሦስተኛ መሐንዲስነት እሠራለሁ። ሁለቱ ዋና ሞተሮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ የግራው አፍተርኩለር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን የታመቀ አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ማፍሰሻ ውኃ ያለማቋረጥ ያወርዳል፤ የቀኙ ግን ደረቅ ነው። ባልደረቦቼ የግራው ኩለር ሳይቀደድ አልቀረም ይላሉ። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ የባልደረቦችዎ ጥርጣሬ መጣራት ቢኖርበትም፣ እኔ አስቀድሜ የምከፍተው የቀኙን ነው። 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 21 ግራም ያህል የውኃ ተን ይይዛል፤ ይኸው አየር በተርቦቻርጀሩ (በጭስ ኃይል እየዞረ አየር በሚያምቀው መሣሪያ) ወደ 3.5 ባር ፍጹም ግፊት ታምቆ፣ በአፍተርኩለሩ ወደ 40 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን ሊሸከም የሚችለው 13 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረው 8 ግራም ወደ ውኃነት ይለወጣል። 1,000 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ሞተር በሰዓት 6,500 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይስባል ብንል፣ በየሰዓቱ 50 ሊትር ገደማ ውኃ ይፈጠራል ማለት ነው። ከዚህ ከፊሉ በጉም መልክ ከአየሩ ጋር ስለሚያልፍ ሁሉም በማፍሰሻው አይወጣም። ሆኖም በእናንተ አካባቢ በሐምሌና በነሐሴ፣ በሙሉ ጭነት የሚሠራ ሞተር ምንም ውኃ ካላወረደ ውኃው ወደ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ ሲሊንደሩ ነው።

እዚያ የገባ ውኃ የሲሊንደሩን የዘይት ሽፋን ያጥባል፣ የአየር ማስገቢያ ቫልቮችንም ያዝጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሞተሩ ከቆመ በኋላ የሚደርሰው ነው። በአየር ማከፋፈያው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ወደ አንዱ ሲሊንደር ወርዶ ከቆየ፣ በሚቀጥለው ማስነሻ ፒስተኑ ሊታመቅ ከማይችል ፈሳሽ ጋር ይጋጭና ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ይጎብጣል። ስለዚህ የቀኙን ሞተር ማፍሰሻ እስኪከፍቱ ድረስ፣ ኢንዲኬተር ኮኮቹን (በየሲሊንደሩ ራስ ላይ ያሉትን ትንንሽ መክፈቻዎች) ከፍተው ሞተሩን በማዞሪያው ቀስ ብለው ሳያዞሩ እንዳያስነሱት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ሞተሩ ቆሞ ሳለ የማፍሰሻውን ቱቦ ይፍቱ፤ ብዙውን ጊዜ የዘይት ተን፣ አቧራና ጨው ተዋሕደው የፈጠሩት ጥቁር ዝቃጭ ቀዳዳውን ደፍኖት ያገኙታል። በለስላሳ ሽቦ ከፍተው በታመቀ አየር ያጽዱት እንጂ፣ ዳግም እንዳይደፈን በሚል ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አያስፉት፤ ሞተሩ የታመቀ አየር ባጣ ቁጥር የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራልና። ከዚያም ሞተሩ በጭነት ላይ ሳለ በማፍሰሻው ጫፍ ውኃ ወይም አየር መውጣቱን ያረጋግጡ። ሁለቱም ከሌሉ መንገዱ አልተከፈተም።

የእናንተ ማፍሰሻ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ዓይነት ይመስላል። በአንዳንድ ሞተሮች ግን ሞተሩ ሲቆም ወይም ያለ ጭነት ሲዞር የሚከፈት፣ የአየሩ ግፊት 0.3 ባር ገደማ ሲደርስ ደግሞ በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ አለ። እንዲህ ያለው ቫልቭ ተፈትቶ ሲጸዳ ተንሸራታቹ አካል ያለ እንቅፋት መመላለሱና በመቀመጫው ላይ በሚገባ መግጠሙ ይታያል፤ ተከፍቶ ከቀረ የፉጨት ድምፅ፣ የኃይል መቀነስና የጭስ መብዛት ይከተላሉ።

ወደ ግራው ስንመለስ፣ አስተማማኙ ፈተና ሞተሩን አቁሞ የማቀዝቀዣ ውኃውን ፓምፕ ብቻ ማስኬድ ነው። አየር ሳይታመቅ እርጥበት ስለማይጠራቀም፣ በቱቦው የቀረው ውኃ ከወረደ በኋላም መፍሰሱ ከቀጠለ ኩለሩ ቀዳዳ አለው። ኩለሩ በባሕር ውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ከሚወርደው ውኃ ጥቂት ቀድተው በሲልቨር ናይትሬት (ጨው ያለበትን ውኃ በሚያነጣ ኬሚካል) ይፈትኑት፤ የባሕር አየር ራሱ ጨው ስለሚያዝል ቀላል ደመና ቢታይ አያስደንግጥዎ፣ እንደ ወተት ከነጣ ግን ኩለሩ ይፈታ። በፀረ ዝገት መድኃኒት በታከመ ንጹሕ ውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የሚፈለገው ጨው ሳይሆን መድኃኒቱ፣ ለምሳሌ ናይትራይት ነው። በውኃው ላይ ዘይት ቢንሳፈፍ የተርቦቻርጀሩን ዘይት መከላከያ ይመርምሩ፤ እንዲህ ያለው ውኃ ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) በላይ ዘይት ይዞ ወደ ባሕር መለቀቅ ስለሌለበት ወደ ቢልጅ ታንክ (የመርከቡ ቆሻሻ ውኃ ማጠራቀሚያ) ይሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ በጠቀስሁት አየርና ግፊት ውኃ መፈጠር የሚጀምረው ሙቀቱ ከ49 ዲግሪ ሲያንስ ነው። አየሩን እጅግ ማቀዝቀዝ ለሞተሩ ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለው ልማድ በእርጥብ ባሕር ላይ ጉዳት አለው፤ አምራቹ በፈቀደው ወሰን ውስጥ ሙቀቱን ጥቂት ከፍ ማድረግ የውኃውን መጠን በጉልህ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ በጣና ላይ የምትሠራው ጀልባዬ ሞተር አፍተርኩለር አለው፤ የሚቀዘቅዘውም በሐይቁ ውኃ ነው። እኔንም ይህ ጉዳይ ያሳስበኛል?

መልስ፦ የጣና አየር ከባሕረ ሰላጤው ይልቅ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ የሚጠራቀመው ውኃ በብዙ ያነሰ ነው፤ በደረቁ ወራት ማፍሰሻዎ ደረቅ ቢሆን አይስጉ። ይሁን እንጂ የሐይቁ ውኃ ጨው ስለሌለው፣ ኩለሩ ቢቀደድ በጨው ፈተና አይታወቅም። የማቀዝቀዣውን ውኃ የሚገፋው ፓምፕ በሞተሩ የሚዞር ከሆነም ሞተሩን አቁሞ መፈተን ስለማይቻል፣ ኩለሩን አስፈትተው በግፊት ያስፈትሹ። በክረምት የሚገባው ደለል ቱቦዎቹን ስለሚደፍን፣ መስከረም ላይ ኩለሩ ሲጸዳ ማፍሰሻውም አብሮ ይፈታ።