«እግሯ በረዶ ሆነ እኮ»

ባለፈው ሳምንት ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን እየዞርን ስናይ፣ አንድ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) «ዶክተር፣ ግፊቱ 100 አካባቢ ከሆነ ሾክ አይባልም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሾክ የምንለው ደም ለሰውነት በበቂ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ጎበዝ ልጅ ነው። ዓይኑ ግን ሞኒተሩ ላይ ተተክሏል፤ የዛሬ ልጆች ነገር። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። ያቺ አራስ መጣችብኝ።

ያኔ እኔም ጀማሪ ነበርኩ፣ የሌሊት ተረኛ። ከወለደች ሦስት ሳምንት የሆናትን ልጅ እናቷ ደግፈው አመጧት። ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጋደም ማለት አልቻለችም። ግፊቷ 92 በ76። ዝቅ ብሏል፣ ግን አያስደነግጥም አልኩ። አራስ ናት፣ ደም ፈሷት ይሆናል ብዬ ሳላይን፣ በደም ስር የሚሰጠውን የጨው ውሃ፣ ሰቀልኩላት። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ደገምኩ።

እናትየው ግርጌ ቁጭ ብለው እግሯን ያሻሉ። «ዶክተርዬ፣ እግሯ በረዶ ሆነ እኮ» አሉኝ። «ጋቢ ይደርቡላት እማማ» ብዬ አለፍኩ። ደረቡላት። የራሳቸውን ካልሲ አውልቀው አጠለቁላት። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠሩኝ፣ «ደርቤም አልሞቀም»። ሌላ በሽተኛ ላይ ነበርኩ። (ያ ሰውዬ ድኖ አንዳንዴ ታክሲ ተራ አገኘዋለሁ፤ ሰላም ባለኝ ቁጥር እሷ ትታወሰኛለች።) ሊነጋጋ ሲል ልጅቷ ሮዝ አረፋ ማሳል ጀመረች። ረፋድ ላይ አረፈች።

ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የልብ ጡንቻ ድካም ነበር። ልብ መርጨት ሲያቅተው ሰውነት የእጅና የእግሩን ደም ስሮች ጭምቅ አድርጎ ግፊቱ እንዳይወርድ ለጊዜው ደግፎ ያቆየዋል፤ ቁጥሩ ደህና ይመስላል፣ እግር ይቀዘቅዛል፣ ሽንት ይጠፋል። ከ92 ላይ 76 ሲቀነስ 16 ነው። ልዩነቱ ከላይኛው ቁጥር ሩብ ካነሰ ልብ የሚረጨው ደም በጣም ማነሱን ይጠቁማል። የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። አልሠራሁትም። ጭራሽ ውሃ ጨመርኩበት፤ ሳንባዋን ሞላው።

ስለ መድኃኒት መጠን አልነግራችሁም፣ እናንተ ወጣት ሐኪሞች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እኛ ግፊት ከፍ እንዲል ዶፓሚን ነበር የምናንጠለጥለው፤ በ2010 (እንደ ፈረንጅ) የወጣ ጥናት ከሌላው የግፊት መድኃኒት ከኖርአድሬናሊን ይልቅ የልብ ምት እንደሚያዛባ አሳየ። ዋናው ደም ስር ውስጥ እየተነፋ ልብን የሚያግዘው ባሉን ፓምፕ በ2012 ጀርመን ውስጥ 600 ሰው ላይ ተሞክሮ ሞት አልቀነሰም። በ2024 ግን ልብ ውስጥ ገብታ የምትሽከረከር ትንሽ ፓምፕ፣ በልብ ደም ስር መዘጋት ሾክ ውስጥ በገቡ የተመረጡ በሽተኞች ላይ፣ የስድስት ወሩን ሞት ከ59 ወደ 46 በመቶ ገደማ አወረደችው። መድማቱና የእግር ደም ማጣቱ ግን ጨመረ። ዋጋዋን ደግሞ ተዉት። በ2019 ከልብ የሚመጣውን ሾክ ከኤ እስከ ኢ በደረጃ ሲከፍሉት፣ ሲ (ሾኩ የለየለት ደረጃ) ላይ ከዘረዘሯቸው ምልክቶች አንዱ የቀዘቀዘ ገላ ነው። እማማ ያንን ሌሊት ሁለቴ ነግረውኛል።

ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ እያልኩ ስጮህ ነው የምውለው። አሁን ደግሞ ስልክ ላይ የሚሰካ አልትራሳውንድ መጣ፤ ያን ሌሊት በእጄ ቢኖር ሁለተኛውን ከረጢት ባልሰቀልኩ። እሺ፣ አውጡት።

ኢንተርኑን «ሂድና የበሽተኛውን እግር ንካ» አልኩት። ጓንቱን አውልቆ ብርድ ልብሱን ገለጠ። «እስከ ጉልበቱ ቀዝቃዛ ነው» አለ።

ግርጌ የተቀመጠችው ሚስቱ ቀና ብላ አየችን። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው እኮ» አለች።