ቅባት የመሰለኝ ነጥብ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ብረቱን ሚዛኔ ላይ ጭኖ እየጠበቀ፣ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ትኋን ያለበት ሶፋ ውሰድ ብለውኛል። ላንሳው ወይስ ልተወው?»

ኪሎውን ጻፍኩለት፤ ሒሳቡን ሰጠሁት። ለጥያቄው ግን «ቆይ ላስብበት» ብዬ ሸኘሁት። ለትኋን ደግሞ የምን ማሰብ ነው ብሎ ሳይስቅብኝ አልቀረም።

መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አሮጌ ዕቃ ሰብስቤያለሁ፣ ፈትቻለሁ፣ ጠግኜ ሸጫለሁ። ጥያቄው ሌላ ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ነው። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ጋሪ ለምትገፉትም ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ጓንት አድርጉ፣ ወፍራም ጫማ ልበሱ አልላችሁም። እሱን እናታችሁም ትነግራችኋለች።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ 1980 ነው። ደሴ፣ ሆጤ በኩል፣ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ጓዳ ቢጤ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። ኪራዩ ሲዘገይብኝ አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩም። «አብሽር ልጄ፣ ስታገኝ ትሰጠኛለህ» ነው የሚሉት። ቡና ሲፈላ ልጅ ልከው ያስጠሩኛል። አቦሉን ጠጥቼ ልነሳ ስል፣ በረካው ሳይደርስ የት ነው ብለው ይቆጡኛል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው እስላም ናቸው። ወሎ ስለሆነ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

እማማ የሚተኙት መደብ ላይ፣ ጀንዲ አንጥፈው ነበር። ወገባቸውን ያማቸዋል። እኔ ደግሞ «ቆራሌው!» እያልኩ ከሙጋድ እስከ ቧንቧ ውሃ ስዞር ስንት የተጣለ አልጋ አያለሁ። አንድ ቀን ለእሳቸው አልጋ አመጣለሁ ብዬ በልቤ ይዤ ነበር።

(በነገራችን ላይ ያኔ ቆራሌው ጉሮሮ ነበረው። አሁን ድምፃችሁን ቀድታችሁ በማይክ ትለቁታላችሁ፤ ጆሯችሁ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዘፈን። የቤቱ እመቤት «ይሄ ዕቃ እኮ…» ብላ የጀመረችውን ማን ይስማላት? ዕቃው ለምን እንደተጣለ የምታውቁት ከዚያች ወሬ ነው።)

አረፋ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አንድ ሆቴል ቤቱን ሲያድስ የድሮ አልጋዎቹን ከጓሮ አወጣ። አንዱ የዋንዛ አልጋ ነበር፤ ራስጌው ላይ አበባ የተቀረጸበት። ለዘበኛው አምስት ብር ሰጥቼ ጋሪ ላይ ጫንኩት። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አናጢ አስቆሙኝ። አልጋውን ዞር ዞር ብለው አዩትና «ራስጌውን ፍታው። ተባይ የሚደበቀው እንጨቱ ከእንጨት ሲገባ ነው» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማጋጠሚያው ጥግ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉ። ብዕር የተንጠባጠበ ይመስላሉ።

«ቅባት ነው፣ አያ» አልኳቸው። «ጊዜ የለኝም፤ ለአረፋ ነው የማደርሰው።»

አየሁት እኮ። ሳላይ ቀርቼ ቢሆን ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ደግሞ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። በ1977 በድርቁ ጊዜ ባቲ መጠለያ ውስጥ ውሃ እያመላለስኩ ስሠራ የሰው ልብስ በበርሜል ሲቀቀል አይቻለሁ። ቅማል ተስቦና ግርሻ ያስተላልፋል። ከረሃቡ የተረፈውን ሰው ቅማል ያመጣው ትኩሳት ሲወስደው በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያን በርሜል ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አንድ ጋሪ አልጋ ስገፋ ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ሰው ደስ ሲለው ይደነቁራል።

አልጋውን በጨርቅ ወለወልኩት። ቫርኒሽ ቀባሁት። እማማ ሲያዩት አለቀሱ። እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። ለአረፋ ከሐይቅ የመጣች የልጅ ልጃቸው አብራቸው ተኛችበት። ልትሄድ ስትል ክንዷ ላይ ቀያይ እብጠት ተደርድሯል። «ቁንጫ ነው፣ ክረምት አይደል» ተባለ። ልጅቷ ልብሷን በኩታ ቋጥራ አውቶቡስ ተሳፈረች። በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ምን ይዛ እንደሄደች የገባኝ በኋላ ነው።

ከወር በላይ ምንም አልሰማሁም። አንድ ነገር ብቻ ታዘብኩ፤ የቡናው ሰው አነሰ። በተራ የሚያፈሉ አምስት ጎረቤቶች ነበሩ። አንዷ ጉንፋን ይዞኛል አለች፤ ሌላዋ እንግዳ መጣብኝ። ለካ አንዷ ሴት ቤቷ ገብታ ነጠላዋ ላይ ትኋን አግኝታለች። ለእማማ የነገረ የለም። እንዲህ ያለ ነገር በኛ አገር ፊት ለፊት አይነገርም። ዝም ብሎ ይቀራል።

አንድ ሌሊት አንገቴን ሲበላኝ ነቃሁ። ፋኖስ ለኮስኩ። ትራሴ ላይ ምስር የምታክል ነገር ትሄዳለች። ስጨፈልቃት ደም ሆነች፤ ሽታዋ እርጥብ የድንብላል ቅጠል ሲታሽ የሚመስል። የእኔን ክፍልና የእማማን ቤት የሚለየው የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ነው። ፋኖሱን ይዤ ወጣሁ።

እማማ በሩ ሥር ጀንዲያቸውን መሬት ላይ አንጥፈው ቁጭ ብለዋል። አልጋው በነጭ አንሶላ ተነጥፎ ባዶውን ቆሟል።

«እማማ፣ ምነው መሬት ላይ?»

«አልጋው ለእንግዳ ይሁን ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። እጃቸውን ሻሻቸው ውስጥ ደበቁ። እጃቸው በሙሉ ቆስሏል። አሥር ቀን መሬት ላይ ተኝተው ነበር። አልጋው ተባይ አለበት ቢሉኝ አዝናለሁ ብለው ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ደግሞ የባሰ ነው። አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ሄጄ ለነቀዝ የሚነሰነስ ዱቄት ለመንኩ። አልጋው ላይ፣ መደቡ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ነሰነስኩት። በማግስቱ ዶሮዋ ሞተች። እማማ ሳምንት ሙሉ ሳሉ። ትኋኑ አልሞተም፤ ተበተነ። አልጋ ላይ የነበረው ወደ ጣሪያውና ወደ ጎረቤት ግድግዳ ገባ። አንዳንዶቻችሁ ዛሬም የእርሻ መድኃኒት በሃይላንድ እየቀዳችሁ ቤት ውስጥ እንደምትረጩ አውቃለሁ። ለማሳ የተሠራ መርዝ ሰው የሚተኛበት ቤት አይገባም። ላምባም እንዲሁ፤ ቤት ያቃጥላል።

በመጨረሻ አልጋውን ግቢ አውጥቼ ፈታሁት። ያ ሽማግሌ እንዳሉት ራስጌውን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ስነቅለው ጉድጓዱ ውስጥ ያየሁትን እስከዛሬ አልረሳሁትም። ትልልቆቹ እንደ ምስር። እንቁላላቸው እንደ ነጭ ጤፍ፣ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ። የለወጡት ቅርፊት እንደ ገለባ። ጥቁሩ ነጥብ ደግሞ ኩሳቸው ነው፤ የጠጡት ደም ማለት ነው። እርጥብ ጨርቅ ብታሹበት ቡናማ ሆኖ ይለቃል። ቅባት እንዲህ አይለቅም። ይህን ፈተና ያን ቀን መንገድ ላይ በምራቄ እንኳን ማድረግ እችል ነበር።

የፈላ ውሃ በጀበናም በድስትም እያመላለስን እያንዳንዱ ሽንቁር ውስጥ አፈሰስን። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ለትኋን ግን ከ50 በላይ ከሆነ ይበቃል። ልብሱን ሁሉ ቀቀልን። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በእበት መረግን። ከሳምንት በኋላ እንደገና። ከዚያ እንደገና። አንዴ ተሠርቶ አይበቃም። ከመጀመሪያው የተረፈው እንቁላል በሳምንት በሁለት ሳምንት ይፈለፈላል፤ ሲበርድ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል። እንደ ደሴ ባለ ብርድ ትልቁ ትኋን ደም ሳያገኝ ወራት ይቆያል። «ስድስት ወር መጋዘን ተቀምጧል፣ ምን ይኖረዋል» የሚላችሁን ነጋዴ አትመኑ። ቅማል ቢሆን ከሰው ገላ ከተለየች ሳምንት አትሻገርም። ትኋን ሌላ ነው።

ጥቅምት ላይ ጸዳ። ቡናው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሦስቱ ተመለሱ። አንዷ እማማ እስኪሞቱ ድረስ ያን ደጃፍ አልረገጠችም። እማማ በ1986 አረፉ፤ ቀብር ላይ ግን መጥታ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ነጥብ መንገድ ላይ እንዳየሁት ነግሬያቸው አላውቅም። «አላወቅኩም ነበር እማማ» ነበር ያልኳቸው። እሳቸውም «ከየት ታውቃለህ ልጄ» አሉኝ።

አሁን ወደ ሶፋው።

አታንሳው። ጨርቅና ስፖንጅ የለበሰ ዕቃ ጨርሶ አታንሱ። ከጓሮው ላይ እዚያው ቅደዱት፤ ስፕሪንጉንና ሚስማሩን ውሰዱ፣ ሌላውን ተዉት። ይህን የምለው ከአንድ ግለሰብ ቤት የተጣለ ባለ ስፖንጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ መሆኑን ልደብቃችሁ አልችልም። ጥሩ ወንበር ነው። ግን ጨርቁን ገፍፌ፣ ስፖንጁን አቃጥዬ፣ እንጨቱን በፈላ ውሃ አጥቤ ነው ቤት ያስገባሁት። ከአዲስ ይልቅ ውድ ሆነብኝ። ስለዚህ አታንሱ ማለቴ ትክክል ነው፣ ከሞላ ጎደል።

እንጨት ስታነሱ ካቻቢቴ ያዙ። ማጋጠሚያውን፣ የመሳቢያውን ሥር፣ የብሎኑን ቀዳዳ እዩ። ስልካችሁ መብራት አለው፤ ቀኑን ሙሉ ከምታዩት ነገር ለዚህ ቢውል ምን አለበት? ያኔ እኔ ክብሪት ነበር የምለኩሰው። ያላያችሁትን ዕቃ ደግሞ ከምትተኙበት ጣሪያ ሥር አታሳድሩት። ፍሪጅ ከሆነ ከኋላው፣ ሞተሩ አጠገብ ያለውን ሙቅ ቦታ እዩ። ትንሿ ቡናማ በረሮ እዚያ ትወልዳለች። አንዷ የእንቁላል ከረጢት ብቻ ከ30 በላይ ልጅ ይዛለች።

ቆርቆሮ ስታነሱ ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ከራሳችሁ አርቃችሁ ገልብጡት። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትወርዱ ከሥሩ ጊንጥ አይጠፋም። ባዶ በርሜልና ታንከር መጀመሪያ አንኳኩና ራቅ ብላችሁ አዳምጡ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላዳምጥ ተርብ የሐረጎን ቁልቁለት አስሮጦኛል። ከዚያ ጋር በተያያዘ፣ ከጦርነት የተረፈ ብረት አትንኩ። ይህ ደብዳቤ የተባይ ነው፣ ግን ወሎ ላይ ስለ ብረት እያወሩ እሱን መዝለል አይቻልም።

ጎማ የምትሰበስቡ ደግሞ ውሃ አታጠራቅሙበት፤ ወይ ቅደዱት ወይ ከጣሪያ ሥር አስቀምጡት። የለመድነው የወባ ትንኝ የሚፈልገው መሬት ላይ የተኛ ውሃ ነው። አሁን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል ከእስያ የመጣ ዘር አለ። በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ባቲ ላይም ታይቷል። እሱ በርሜል፣ ሮቶና ጎማ ውስጥ ይፈለፈላል። ክረምት ላይ የጎማ ክምር አጠገብ ቆማችሁ ውስጡን እዩ፤ ውሃው ይርገበገባል።

ዕቃውን ስትሸጡ ያያችሁትን ንገሩ። «ትኋን ነበረበት፣ እንዲህ አድርጌዋለሁ» በሉ። ዋጋ ይቀንስባችኋል። ይቀንስ።

ልጁ ትናንት ተመልሶ መጣ። ሶፋውን ጥሎት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ከመደርደሪያዬ ላይ የዚያን አልጋ አንድ እግር አውርጄ ሰጠሁት። እማማ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው አልጋውን ሲያወጡት ለምኜ ያስቀረሁት ነው። ስልኩን አብርቶ ማጋጠሚያውን ጠጋ ብሎ አየው። በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው።

«ይሄማ ቅባት ነው ጋሼ» አለኝ።

እርጥብ ጨርቅ አቀበልኩት።